ሃያ ሦስት ሰው

አዲሷ አስጎብኚ ሰው መቁጠር ትችላለች፤ ሰው መጥራት ግን አይሆንላትም። ስም መጥራት ማለት ድምፅ ማውጣት ነው፤ ድምፅ ማውጣት ማለት ደግሞ የአውቶቡሱን አንገት ሁሉ ባንዴ ወደ ራስ ማዞር ነው። ስለዚህ መንገደኞቿ ተሳፍረው በጨረሱ ቁጥር ከኋላ መደዳ ጀምራ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ በዓይኗ ብቻ እየቆጠረች ወደ ጋቢናው ትመጣለች። ልክ ሲሆን ቢሮው በሰጣት ቅጽ ላይ ቁጥሩን ትጽፋለች። ቅጹ ለእያንዳንዱ ማረፊያ አንድ ሳጥን አለው። የስም ዝርዝሩ በጀርባው ነው፤ ገልብጣ አንብባው አታውቅም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እሷም ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዩኒቨርሲቲ እስከዚህ አውቶቡስ ድረስ በዚህች አባባል ተጠልላ ኖራለች። ሹፌሩ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሹክሹክታ ብሎ ስም አወጣላት።

«ሹክሹክታ፣ ሞላን?»

«ሞላን ጋሼ።»

«ምን አልሽ? ሞተሩ ነው ወይስ አንቺ ነሽ የተናገርሽው?»

አውራ ጣቷን ታሳየዋለች። እሱም ይስቅና ማርሽ ያስገባል።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ግን ከቁጥር የከበደ ነገር ትከሻዋ ላይ ተንጠለጠለ። ጉዞው የጡረተኞች ማኅበር ነበር። መጀመሪያ ሙዚየም የሆነውን የድሮ ባለርስት ቤት፣ ከምሳ በኋላ የአትክልት ስፍራውን፣ በመጨረሻም ወንዝ ዳር ያለውን የጥንት የውሃ ወፍጮ አይተው ሊመለሱ ነው። ሁሉም ተሳፍረው ሲያበቁ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ከበሩ ሥር ቆማ በጣቷ ጠራቻት።

«ግራጫ ካፖርት የለበሰው አባዬ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰዓት ሠሪ ነበር። ስኳር አለበት። ሰሞኑን ደግሞ ይረሳል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ዛሬ ደህና ነው።»

ትንሽ ሰማያዊ ቦርሳ ከትከሻዋ አውርዳ በወጣቷ አስጎብኚ ትከሻ ላይ አንጠለጠለችው። «መርፌው እዚህ ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከምግብ ጋር። ራሱ ይወጋዋል፤ የአንቺ ሥራ ማስታወስ ብቻ ነው። ብስኩትና ጭማቂም አለ። ካላበው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ መርፌውን ትተሽ ጣፋጩን ስጪው።»

«እሺ።»

«ከዓይንሽ እንዳይጠፋ። ግን እንደሚጠበቅ እንዳያውቅ። ሱቁን ዘግተንበታል፤ ብቻውን ገበያ መውጣቱንም ከልክለነዋል። የቀረችው ይቺ የወር ጉዞ ናት። ቃል ግቢልኝ።»

«ቃሌ ነው።»

በደንብ የተሰማ አልመሰላትም። ሴትየዋ ግን እጇን ጨብጣ፣ በመስኮቱ በኩል ለአባቷ እጇን አውለብልባ ሄደች።

አውቶቡሱ ሲነሳ ለመቁጠር አለፈች። ሰዓት ሠሪው በመስኮቱ ጥግ ተቀምጠዋል፤ ቀጭን፣ ጢማቸውን በጥንቃቄ የተላጩ፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው።

«ስንት ሆንን የኔ ልጅ?»

«ሃያ ሦስት አባባ።»

«እኔም ብሎን እቆጥር ነበር። ሰዓት ሲፈታ ብሎኖቹን ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድሮ መቁጠር ነው። አንዴ ታዲያ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ሰዓቱ አልሄድ አለኝ። ሦስት ቀን ፍዳዬን አየሁ። ለካስ አንደኛዋ ብሎን የሌላ ሰዓት ናት። የሱ ብሎን ደግሞ ጎረቤት ሰዓት ውስጥ ገብታ ያንንም አስቁማዋለች።»

ብቻቸውን ሳቁ። እሷም ለሥርዓት ያህል ፈገግ አለች። ጆሮዋ ውስጥ ግን የሚያቃጭለው «ከዓይንሽ እንዳይጠፋ» ነበር።

የባለርስቱ ቤት ባለሁለት ፎቅ ነው። ወለሉ እንጨት ስለሆነ በተረገጠ ቁጥር ያቃስታል። ክፍሎቹ በቀይ ገመድ ተከልለዋል፤ ከገመዱ ወዲያ የብረት አልጋ፣ የተደረደሩ ሳህኖች፣ ማንም የማይቀመጥባቸው ወንበሮች። የሚያስጎበኙት ወገባቸው ላይ የቁልፍ ዘለላ ያንጠለጠሉ፣ ድምፃቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ሴትዮ ናቸው። ልጅቷ ያንን ድምፅ በቅናት ሰማችው።

አዳራሹ ውስጥ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የቁም ሰዓት አለ። ዘጠኝ ከሃያ ላይ ቆሟል።

«ጌታው እላይ ክፍላቸው ውስጥ ያረፉት በዘጠኝ ከሃያ ነበር» አሉ ባለቁልፏ። «ሰዓቱም አብሯቸው ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም።»

ጡረተኞቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሰዓት ሠሪው ግን አንገታቸውን ሰበር አድርገው የሰዓቱን እግር እያዩ ነበር።

«ሰዓት ለባለቤቱ አያለቅስም» አሉ። «ወለሉ በግራ በኩል ሰምጧል። ሳጥኑ ሲያዘነብል የሚወዛወዘው ፔንዱለም ይቆማል፤ በሽታው ይኸው ነው። መድኃኒቱም ከእግሩ ሥር የሚገባ እጥፍ ወረቀት ብቻ ነው።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ባለቁልፏ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «አባባ፣ ገመዱን እንዳይነኩ።»

ሌሎቹ ወደ ማድቤቱ አለፉ። ሰዓት ሠሪው ንቅንቅ አላሉም። «ኑ እንሂድ» ማለት ነበረባት፤ ነገር ግን እንደሚጠበቁ ማወቅ የለባቸውም። ስለዚህ ሥዕል የምታይ መስላ አጠገባቸው ቆመች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ራሳቸው ተነቃነቁ። እግራቸው ወጣ፤ ዓይናቸው እዚያው ቀረ። በቅጹ ሁለተኛ ሳጥን «23» ብላ ጻፈች።

የአትክልት ስፍራው ከዚያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። እንደ ግድግዳ ተከርክመው የቆሙ ቁጥቋጦዎች፣ የጽጌረዳ መደቦች፣ በቅጠል የተሸፈነ ሰፊ ኩሬ አለው። መካከሉ ላይ በጥላ ሰዓት የሚያሳይ የድንጋይ ገበታ ቆሟል። ሰዓት ሠሪው በመዳፋቸው ዳበሱት። «ይኼ ጤነኛ ነው» አሉ። «ግን ሥራ አይሰጥም።»

ከዚያ ሰማዩ ባንዴ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። ዣንጥላ የያዘ ዣንጥላውን፣ ያልያዘ በር ላይ የተሰጠውን ካርታ፣ ሻርፑን፣ የካፖርቱን ኮሌታ ራሱ ላይ ጥሎ ሁሉም ወደ መኪና ማቆሚያው ሮጠ። እዚያ ሁለት ነጭ አውቶቡሶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የሌላኛውም ጎብኚዎች እንዲሁ ይሮጣሉ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ክንድ እየያዘች አሳፈረች። ከዚያ ቆጠረች። መነጽሯ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ በመስኮቱ ጥግ ግን ግራጫ ነገር አየች፤ ልቧ ረጋ። ሃያ ሦስት። በሦስተኛው ሳጥን ጻፈች።

«ሹክሹክታ፣ ሞላን?»

አውራ ጣቷን አሳየችው።

ወደ ወፍጮው ሃያ ደቂቃ እንደተጓዙ ሰዓቷን አየች፤ አሥር ከአምስት ሆኗል። ለመርፌው ቀደም ብላ ብታዘጋጃቸው እንደሚሻል አሰበች። ቦርሳውን አስተካክላ፣ ወንበር እየተደገፈች ሄደች። ግራጫው ነገር ካፖርት አልነበረም፤ የሴት ሻርፕ ነበር። ከሻርፑ ውስጥ ቀለበት ያለው ወፍራም እጅ ወጥቶ ብርቱካን ይልጣል።

«ትበያለሽ እናቴ?» አሉ ባለብርቱካኗ፣ አንድ ፍሬ ዘርግተውላት።

የጆሮ ጌጥ እንደጠፋበት ሰው ወለል ወለሉን እያየች እስከ ኋላ ሄደች። ፊት ሁሉ አየች። ሰዓት ሠሪው የሉም። ቆጠረች፤ ሃያ ሦስት። ደግማ ቆጠረች፤ ሃያ ሦስት። ቁጥሩ ዝንፍ ሳይል ይሳለቅባታል። ሰማያዊው ቦርሳ ደግሞ ከጎድኗ ጋር እየተጋጨ፣ መርፌው እኔ ጋ ነው፣ ብስኩቱም እኔ ጋ ነው ይላታል።

የሚያስፈልገው «አንድ ሰው ጠፍቶብኛል» ማለት ብቻ ነው። ሦስት ቃል። እነዚያ ሦስት ቃላት ከጉሮሮዋ እስኪወጡ አውቶቡሱ ሁለት ድልድይ ተሻገረ።

«ጋሼ፣ አንድ ሰው ጠፍቶብኛል።»

«ምን አልሽ?»

«አንድ ሰው ጠፍቶብኛል።»

«ሞተሩ ነው ወይስ...»

«አባባን ጥለናቸው መጥተናል» አለች። አለች ማለት ያንሳል፤ ጮኸች።

ሹፌሩ በመስታወቱ ፊቷን አየና መኪናውን ጥግ አስያዘ። ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው ነገር በዚያች ሰዓት ደረሰ፤ አንገት ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ቅጹን ገለበጠች። የመጀመሪያውን ስም ጠራች፤ «አለሁ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ሁለተኛውን ጠራች። እንዲህ እያለች አሥራ አራተኛው ላይ ደረሰች። የሰዓት ሠሪውን ስም ጠራች፤ ዝናቡ ብቻ መለሰላት። ደግማ ጠራችው። ከዚያ እስከ መጨረሻው ወረደች።

«የኔን ስም ዘለልሽ» አሉ ባለብርቱካኗ ቅር ብሏቸው።

«እርስዎ ከማን ጋር ነው የመጡት እማማ?»

«ከልብስ ሰፊዎቹ ማኅበር ነዋ። ይልቅ እነዚህ ሁሉ ሰዎች አውቶቡሴ ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ። እሷ መሳቅ አልቻለችም። «ስልክ አለዎት? ወደ አስጎብኚያችሁ እንደውል።»

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

«ቦርሳዎስ?»

«አውቶቡሴ ውስጥ። ይኼ የኔ ካልሆነማ በዚያኛው ውስጥ ነዋ።»

ከፊት መደዳ አንዲት አጭር ሴት ተነሡ። በከተማቸው ሆስፒታል ሠላሳ ዓመት የሠሩ ነርስ ነበሩ፤ ማኅበርተኛው ሁሉ እትዬ ነርስ ይላቸዋል። ዓይናቸው ከልጅቷ ፊት ወደ ሰማያዊው ቦርሳ ወረደ።

«የማን ነው?»

ሚስጥሩ የሷ አልነበረም። ግን ሚስጥር ጠብቆ ሰውን ማስገደል ምን ይሉታል። «የሳቸው» አለች። «ስኳር አለባቸው። የአሥራ አንድ ሰዓት መርፌያቸው ነው።»

«ምሳ በደንብ በልተዋል?»

«ግማሹን ትተውታል።»

ነርሷ ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «መልሰህ ንዳው» አሉ።

አትክልት ስፍራው ሲደርሱ ዝናቡ አባርቷል። ቦት የተጫማ አትክልተኛ በሩን ሊዘጋ ሲል ገፍታው ገባች። ቀጥ ብላ ወደ ኩሬው ሮጠች፤ ለምን ወደዚያ እንደሮጠች ለራሷ መናገር አልፈለገችም። ውሃው ላይ ግራጫ ነገር ተንሳፍፏል። ቀረብ ስትል የወደቀ ቅርንጫፍ ነበር።

በቁጥቋጦዎቹ መካከል ስማቸውን እየጠራች ዞረች። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አታውቅም ነበር፤ ወፎች ከየጎጇቸው ተነሡ። የድንጋዩ ገበታ ጋ ስትደርስ ቆመች። ፀሐይ ስለሌለ ጥላ አልነበረም፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ እንኳ አይናገርም።

«እዚህ ሰው የለም» አለ አትክልተኛው ከኋላዋ ደርሶ። «ዝናቡ ሲጥል ሁሉም ወደ ሁለቱ አውቶቡሶች ነው የሮጠው። ኩሬውንም፣ መጸዳጃውንም አይቻለሁ።»

«ሁለተኛው ወዴት ሄደ?»

«ወደ ባለርስቱ ቤት። እናንተ ከዚያ ትመጣላችሁ፣ እነሱ ከዚህ ወደዚያ ይሄዳሉ።»

የጠዋቱ ወሬ ያን ጊዜ ተመለሰላት። አንደኛዋ ብሎን የሌላ ሰዓት ናት፤ የሱ ደግሞ ጎረቤት ሰዓት ውስጥ። ለሥርዓት ያህል ፈገግ ብላ ያሳለፈችው ወሬ።

መንገድ ላይ ወደ ሙዚየሙ ደወለች። ጠራ፤ ጠራ፤ ማንም አላነሳም። ሙዚየሙ በአሥራ አንድ ይዘጋል። አሥራ አንድ ሰዓት እዚያው መንገድ ላይ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ እየተጎተቱ ሳለ ሞላ። ነርሷ በየመሐሉ ሰዓታቸውን ያያሉ።

ግቢው በር ላይ ያ ነጭ አውቶቡስ ቆሟል። አስጎብኚው፣ ክራባት ያሰረ ጎልማሳ፣ ደረጃው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«አንዲት ሴት ጠፍታብኛለች» አላት ገና ሳትወርድ። «ከአትክልት ስፍራው ስንነሣ ልክ አሥራ ዘጠኝ ነበርን። ቆጥሬያለሁ።»

«እኔም ቆጥሬያለሁ» አለችው።

ባለብርቱካኗ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ወረዱ። «የት ነበራችሁ እናንተ?» አሉት። ሰውዬው እጃቸውን ይዞ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። የሱ ጭንቀት በዚሁ አበቃ። የሷ ግን የተዘጋ በር ፊት ቆሞ ቀረ።

ባለቁልፏ ዣንጥላቸውን ይዘው፣ ቦርሳቸውን አንግተው ወደ ውጭ በር እየመጡ ነበር፤ ስለ አባባ ጠየቀቻቸው። «ማንም የለም ልጄ። ክፍሎቹን ሁሉ ዞሬ ዘጋን ብያለሁ። የመለሰልኝ የለም።»

«ዘጋን ሲባሉ አይመልሱም ይሆናል።»

«እንዴት አይመልሱም? የኔ ድምፅ እኮ...»

«ይክፈቱልኝ» አለች። «እባክዎ ይክፈቱልኝ። ስማቸውን ልጥራ።»

ሴትዮዋ አዩዋት። ጠዋት ትንፍሽ ያላለችውን ልጅ ነው የሚያዩት። ቁልፉን ከወገባቸው ፈቱ።

አዳራሹ ጨልሟል። ወለሉ እንደ ልማዱ አቃሰተ። ስማቸውን ጠራች። ከሰዓቱ ኋላ፣ ከቀዩ ገመድ ወዲያ፣ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«አለሁ» አለ ደካማ ድምፅ።

ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። የሰዓቱ በር ተከፍቷል፤ ከግራ እግሩ ሥር ባራት ታጥፎ የተወተፈው የአትክልት ስፍራው ካርታ ነው። ፔንዱለሙን በመሐረብ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ ይዘውታል። ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ወደ ሰዓቱ የሚሄደው አውቶቡስ የትኛው ነው ብዬ ጠየቅሁ፤ ይኼ ነው አሉኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ቶሎ አስተካክዬ እደርስባችኋለሁ ብዬ ነበር። ይኼን ከፈታሁ ቆየሁ። የት ነው የሚገባው የኔ ልጅ?»

ገመዱን ተሻግራ አጠገባቸው ተንበረከከች፤ ጭማቂውን ከፍታ አፋቸው ላይ ያዘችላቸው። ነርሷም ደረሱ። «መርፌው ይቆይ» አሉ። «ጭማቂው ይቅደም፤ ከዚያ ብስኩት፤ ከዚያ እናያለን።» ባለቁልፏ ጎብኚ እንዳይቀመጥበት ሲጠብቁት የኖሩትን የባለርስቱን ወንበር ሳይጠየቁ ጎትተው አመጡ።

ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ቀስ በቀስ የሰዓት ሠሪው እጅ ረጋ፤ ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ። ፔንዱለሙን ገና አሁን ሰው እንደሰጣቸው ዕቃ አዩት። ከዚያ ተነሡና፣ እንኳን ሊጠይቁ በቅጡ ሳያዩ፣ እጃቸውን ወደ ሳጥኑ ውስጥ ሰድደው ሰቀሉት።

«አባባ» አሉ ባለቁልፏ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «ሰዓቱ ከሄደ ለሰው ምን እላለሁ?»

ሰዓት ሠሪው ፔንዱለሙን ሊገፉ ጣታቸውን ዘርግተው ነበር። ጥቂት አሰቡና መለሱት። «አሁን ጤነኛ ነው» አሉ በሩን እየዘጉ። «ባሰኘዎት ቀን ሞልተው አንዴ ገፋ ያድርጉት።»

ሰዓት ሠሪው አውቶቡሱ ውስጥ ከምግብ ጋር፣ ነርሷ አጠገባቸው ቆመው፣ መርፌያቸውን በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጉ። ወፍጮውን የማየቱ ነገር ቀረ፤ አንድም ሰው አላነሳውም። ልጅቷ ከመነሣታቸው በፊት ስም ጠራች። አሥራ አራተኛው ላይ «አለሁ» ሲባል አንድ ሰው አጨበጨበ።

ትንሽ እንደሄዱ ሰዓት ሠሪው አጠገባቸው እንድትቀመጥ ወንበሩን መታ መታ አደረጉ።

«ለልጄ አትንገሪያት።»

ሰማያዊውን ቦርሳ ወደ ራሷ ሳበች።

«ብትነግሪያት በር ትቆልፍብኛለች። ክፋት የላትም፤ ስለምትፈራ ነው። ጠዋት የሰጠችሽን ቦርሳ ያላየሁ መስሎሻል? ሰዓት ሠሪ ነኝ እኮ፤ ትንሽ ነገር አያመልጠኝም። የሚያመልጠኝ ትልቅ ትልቁ ነው።»

«እኛ ምንም አላየንም» አሉ አንድ አዛውንት ከኋላ።

«መንገዱ ጭቃ ስለነበር ዘገየን እንላለን» አለ ሹፌሩ። «ሹክሹክታ እንደሆነች ብትናገርም አትሰማም።»

ነርሷ ብቻ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።

ሁሉም ዝምታዋን እንደ ስጦታ ለመኗት። እሷ ደግሞ ከዝምታ ሌላ ሙያ የላትም። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል፤ ይኼን ቢሮው ቢሰማ ምን እንደሚል ታውቃለች። ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጓዘች። ዝም አይነቅዝም። በማግሥቱ ልጃቸው የመርፌውን ሰዓት በስሕተት ብትቆጥርስ? በሚቀጥለው ጉዞ ሌላ አስጎብኚ፣ ሌላ ኩሬ ቢሆንስ? ውሃው ላይ የተንሳፈፈው ቅርንጫፍ ከዓይኗ አልጠፋ አለ።

ሴትየዋ ከመብራት ምሰሶው ሥር ቆማ ትጠብቅ ነበር። አባቷን ክንዳቸውን ደግፋ አወረደቻቸው፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«አመሰግናለሁ የኔ እህት። አስቸገረሽ?»

የአውቶቡሱ መስኮቶች ሁሉ በሰው ፊት ተሞልተዋል። ሰዓት ሠሪው ጫማቸውን ያያሉ።

«መርፌውን የወጉት በአሥራ ሁለት ነው» አለች ልጅቷ። «በአሥራ አንድ አይደለም።»

«ለምን?»

ነገረቻት። ሌላው አውቶቡስ፣ ዝናቡ፣ ግራጫው ሻርፕ፣ ላቡ፣ ጭማቂው። በመኻል ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ ሁለቴም ቀጠለች። ሁለቱ ድልድዮችንም አልደበቀችም። «ወዲያው ብናገር ኖሮ ቶሎ እንደርስ ነበር» አለች።

ሴትየዋ ቦርሳውን ተቀብላ ከፈተችው፣ ባዶውን የጭማቂ ዕቃ አየች፣ ዘጋችው። ፊቷ ገረጣ።

«ለምን ነገርሽኝ? ባትነግሪኝ አላውቅም ነበር።»

«እሱን ፈርቼ ነው» አለች። «አለማወቅዎን።»

«ስንት ሰው ይዘሽ ነው አንድ ሽማግሌ ያላየሽው?»

«ሃያ ሦስት።»

«ቁጥሯ እንኳ ልክ ነበር» አሉ ሰዓት ሠሪው ጫማቸውን እያዩ።

ማንም አልሳቀም። ሴትየዋ አፏን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ የአባቷን ኮሌታ አስተካከለችና ክንዳቸውን ይዛ ሄደች። ይቅር ማለቷን፣ አለማለቷንም አልተናገረችም። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ግን አዛውንቱ የሆነ ነገር አሏት፤ ቆማ ወደ አውቶቡሱ ዞራ አየች፤ ከዚያ ታጠፉ። ከወር በኋላ በሚደረገው ጉዞ አሥራ አራተኛው ስም ዝርዝሩ ላይ ይኑር አይኑር ልጅቷ ማወቂያ አልነበራትም።

ሁሉም ወርደው ሲያበቁ ሹፌሩ የብርቱካን ልጣጭ እየለቀመ መጣ። እሷ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች።

«ተዪው» አላት። «መጨረሻው ሞልቷል አይደል? ማን ያየዋል?»

በሦስተኛው ሳጥን ያለውን 23 ሰረዘችና 22 ብላ ጻፈች። ገለበጠችው። ከሰዓት ሠሪው ስም አጠገብ ምን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደተገኙ፣ ስንት ደቂቃ ዝም እንዳለች በትንንሽ ፊደል አሰፈረች።

«ሰኞ አለቃው ይጮህብሻል።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ምን አልሽ?»

«አውቃለሁ አልኩ።»

ሞተሩ ከጠፋ ቆይቷል። መጀመሪያውኑ ሰምቷታል።